ስም ያልተጻፈበት የስንብት ደብዳቤ

ሰኞ

«ስሙን ባዶ ተዪው፣ እኔ እሞላዋለሁ» አሉኝ። አሠሪዬ ጋሽ ታምራት የስንብት ደብዳቤ እንዳዘጋጅ ሲያዙኝ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እስከ ዛሬ ከዚህ የብርድ ልብስ ማከፋፈያ ማን ሊሰናበት እንደሆነ መጀመሪያ የሚነገረው ለእኔ ነበር። ስልሳ ሠራተኛ፣ አንድ የሰው ኃይል ክፍል፤ ክፍሉም እኔ ነኝ። ለእኔ የማይነገር ስም የማን ሊሆን ይችላል? የራሴ ነዋ!

የዛሬ ሥራ፦ ሁለት ቅጥር፣ አምስት የዓመት ፈቃድ፣ እግሩ ላይ ጭነት የወደቀበት ሾፌር የጉዳት ቅጽ፣ የተደፈነ የሽንት ቤት ቧንቧ (እሱም የሰው ኃይል ነው መሰለኝ)። ምሳ አልበላሁም።

ማክሰኞ

አንዲት ልጅ ከደርባን መጣች። ምሕረት ትባላለች፣ የጋሽ ታምራት የእህት ልጅ። «አጠገብሽ ትቀመጥ፣ ሥራ አሳያት» ተባልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ረዳት ስጡኝ፣ ደመወዜን አስተካክሉ ስል መልሱ «ገበያው ቀዝቅዟል» ነበር። አሁን ሞቀ? ውጣ የጎመን ድስት፣ ግባ የገንፎ ድስት።

ልጅቷ ትሑት ናት፤ ይሄ ነው የሚያስፈራኝ። «እትዬ ሠናይት፣ የፈቃድ ፋይሉ የት ነው?» ስትለኝ ሆን ብዬ የማይሆን መሳቢያ አሳየኋት። ኋላ አፈርኩና ተነሥቼ ትክክለኛውን አወጣሁላት።

ረቡዕ

ፐርሚቴ፣ እዚህ አገር የመኖሪያና የሥራ ፈቃዴ፣ በሚቀጥለው ወር ያበቃል። ያለ አሠሪ ደብዳቤ አይታደስም። ለስንቱ ጻፍኩ! የራሴን ራሴው ጽፌ ለፊርማ አቀረብኩ። ጋሽ ታምራት «ትንሽ ይቆይ» አሉ። ምን እስኪሆን?

ግርማ የቢሮዬ በር ላይ ቆሞ፣ እንደ አገሬው ሰላምታ «ሳውቦና ሲስ! ፊትሽ ምነው?» አለኝ። የመጋዘን ኃላፊያችን ነው፤ የጋሽ ታምራት ሚስት ወንድም፣ የልጃቸውም የክርስትና አባት። ያሻው ሰዓት ይገባል፣ ያሻው ሰዓት ይወጣል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፌበት ጋሽ ታምራት ሁለቱንም መሳቢያቸው ውስጥ ቆለፉባቸው። እሱ ምን አለበት፣ ይሳቅ።

ሐሙስ

ስሙ ባዶ የሆነውን ደብዳቤ አስረከብኩ። ምሕረት ቀኑን ሙሉ መጋዘን ዋለች። «አጎቴ ናቸው እዚያ ዋዪ ያሉኝ» አለች። እንዳልጠረጥር ነው፤ ይኼን ያህል ሞኝ አይደለሁም።

ዓርብ

ደብዳቤው ተመለሰልኝ። በጋሽ ታምራት የእጅ ጽሑፍ «ግርማ» ይላል። እፎይ አልኩ! ምሕረትም የመጣችው ለመጋዘኑ ነው ለካ። ከዚያ ወደ ታች አየሁ። በፈራሚው ቦታ የእኔን ስም ጽፈውበታል።

«አንቺ ፈርመሽ ስጪው» አሉ። «እኔ አላወቅኩም እላለሁ። አበልጄ ነው፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምን ብዬ አየዋለሁ?»

እኔስ በየትኛው ደጃፍ ልገባ ነው?

«የፐርሚትሽን ደብዳቤ ያኔ እፈርማለሁ» ብለው ጨመሩበት። በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ መለካት ማለት ይኼ ነው። ተናደድኩ፣ ፈራሁም። ስሜን አጥፍቼ በምትኩ የሳቸውን ጻፍኩና የግርማን ስንብትና የእኔን የፐርሚት ደብዳቤ አንድ ላይ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። «ሁለቱንም የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት» አልኩ።

ቅዳሜ

እስከ ስድስት ሰዓት እንሠራለን። የፐርሚት ደብዳቤዬ ተፈርሞ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። የግርማ የት እንደገባ አላውቅም። ግርማ ራሱ አራት ሰዓት ላይ እየሳቀ ገባ፤ ማንም ምንም አልነገረውም። ጋሽ ታምራት በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላም አላሉኝም።

«አላወቅኩም» ማለት የሚቀናው ሰው አይታመንምና፣ ፊርማቸውን ከድሮ ደብዳቤዎች ጋር ሦስት ጊዜ አመሳከርኩት። የሳቸው ነው። ይመስለኛል።