አንገቱ ላይ ስለ ተተከለው የዝምታ ሰሌዳ

ለክቡር አቶ ምህረቴ
የዝምታ ጎዳና የእግር ጉዞ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦችም በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ፣ በተለይም ጉሮሮዎ ባለፈው ሳምንት ከደረሰበት ድካም ፈጥኖ እንዲያገግም ከልብ እመኛለሁ። የጉሮሮዎን ነገር እንዴት እንደ ሰማሁ በደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ከዘንገና ሐይቅ በላይ ካለው ጋራ ተነሥቶ፣ በቀርቀሃው መካከል አልፎ፣ ወደ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ የሚወርደውን የእግር መንገድ ጽሕፈት ቤትዎ «የዝምታ ጎዳና» ብሎ ሰይሞ ለጎብኚ ከከፈተው እነሆ ስምንት ወር ሆነው። መንገዱ ከዚያ በፊትም ክፍት ነበር። የሚሄድበት ሰው ግን ድንች የጫነ፣ ቅርጫት የተሸከመ ወይም ልጅ ያዘለ ስለ ነበር፣ በጽሕፈት ቤትዎ አቆጣጠር ሰው እንደ ሄደበት ሳይመዘገብ ቀርቷል። በመክፈቻው ዕለት «እስከ ዛሬ የሰው እግር ያልረገጠው» ብለው ሲናገሩ፣ ከኋላዎ ገበያ ውለው የሚመለሱ ሰዎች ንግግርዎ እስኪያልቅና መንገዱ እስኪለቀቅላቸው ድረስ ከነሸክማቸው ቆመው በትዕግሥት እንደ ጠበቁ ላስታውስዎ እወዳለሁ።

ሐሳብዎ ጥሩ መሆኑን ግን አልክድም። ስማቸው በገነነ ቦታዎች ላይ ጎብኚ የሚያየው ተራራውን ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ጎብኚ ጀርባ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ባሳተመው ባለ ቀለም ወረቀት ላይ «እዚህ የሚሰሙት የራስዎን እርምጃ ብቻ ነው» የሚለውን ሳነብ እኔም የጫማዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ። ሄድኩበት፤ ወደድኩትም። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ነጥቦች ያቀረብኳቸው በጎዳናው ላይ ቂም ይዤ ሳይሆን፣ ደግሜ ልሄድበት ስለምፈልግና ስሄድ ደግሞ በሕይወት መመለስ ስለምመርጥ ነው።

1ኛ. ስለ ምረቃው። ዝምታውን ለማስመረቅ ሁለት ጄኔሬተር፣ አራት ትልልቅ የድምፅ ማጉያና አሥራ አንድ ተናጋሪ ወደ ጋራው ስላወጡልን እናመሰግናለን። የአካባቢው ሰው ዝምታ ምን እንደሆነ በቅጡ የተረዳው አመሻሹ ላይ ጄኔሬተሮቹ ሲጠፉ ነው። በዕለቱ የሸሹት ጉሬዛዎች ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰዋል። መመለሳቸው በወሩ ሪፖርትዎ ውስጥ «የዱር እንስሳት ቁጥር መጨመሩ ተረጋግጧል» በሚለው ርእስ ሥር እንደ ገባ እገምታለሁ።

2ኛ. ስለ ግርግሩ። ወረቀቱ ላይ ጎዳናው «ከግርግር የራቀ» እንደሆነ ተጽፏል። ይህ ቃል እንዳይታጠፍ ሲባል፣ ጎብኚ ባለበት ቀን ገበያተኛው ከመንገዱ ወጥቶ ከቀርቀሃው ጀርባ እንዲቆም ይደረጋል። ግርግር የተባልነው እኛ መሆናችንን በዚህ አወቅን። ባለፈው የካቲት አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ከቀርቀሃው ጀርባ ቅርጫታቸውን ይዘው ዝም ብለው የቆሙ አሥራ ሰባት ሰዎች ድንገት አየ። ድብብቆሽ እየተጫወቱ ስለ መሰለው እሱም ሄዶ ከአንድ ዛፍ ጀርባ ተደበቀ። አስጎብኚው ፈልጎ እስኪያገኘው ግማሽ ሰዓት ፈጅቷል።

3ኛ. ስለ አንገቱ። ከጎዳናው አጋማሽ ላይ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል የሆነ፣ አርባ ሁለት እርምጃ የሚሄድ ጠባብ ቦታ አለ፤ ሰዉ አንገት ይለዋል። አንድ የተጫነ ፈረስ ያልፍበታል። ሁለት ግን አይተላለፉበትም፤ መሐል ላይ ከተገናኙም መዞሪያ የለም። ወገቡ ላይ ስለሚታጠፍ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ አይታይም፤ ጉም ሲወርድማ እንኳን ማዶው የራስ ፈረስ ጆሮም አይታይ። ስለዚህ ሰዉ ከአባቶቹ የያዘው ሥርዓት አለ። አንገቱ ጋ የደረሰ ሰው ቆሞ «ገባሁ!» ብሎ ይጣራል። በማዶ ሰው ካለ «ግባ» ወይም «ቆይ» ይለዋል። ሦስት ጊዜ ተጣርቶ መልስ ካጣ ይገባል። ተኳርፈው ዓመት ያልተነጋገሩ ጎረቤቶች እንኳ አንገቱ ላይ ይጠራራሉ፤ ካለፉ በኋላ ወደ ኩርፊያቸው ይመለሳሉ።

ጽሕፈት ቤትዎ ይህን ድምፅ ሰምቶ ረብሻ ነው ብሎ ወሰነ። «ይህ የዝምታ ጎዳና ነው፤ መጣራት፣ መጮኽና ማፏጨት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለው ሰሌዳ፣ ከሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ተመርጦ፣ እዚያው አንገቱ መግቢያ ላይ ተተከለ። በቦታ መረጣው ስሕተት አላገኘሁበትም። በዚያ መንገድ ላይ ሰው ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰሌዳው ሌላ ቦታ ቢተከል ኖሮ የሚከለክለው ነገር አያገኝም ነበር።

ወይዘሮ ደብሪቱ የቀርቀሃ ቅርጫት ሠርተው ገበያ የሚያወጡ፣ ድምፃቸው ከአንገቱ ማዶ ሁለት መንደር አልፎ የሚሰማ እናት ናቸው። ሰሌዳው ሲነበብላቸው «እኔ ከተራራው ጋር ተጋጭቼ አላውቅም፤ የምጋጨው ከሰው ጋር ነው፤ የምጣራውም ለሰው ነው። ጎብኚው ሰው አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው በቃል ለጽሕፈት ቤትዎ ደርሷል። መልሱ በጽሑፍ መጣላቸው፤ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነበር።

4ኛ. ስለ አግዳሚ ወንበሩ። በአንገቱ ሁለት ጫፎች ላይ «ቆይ» የተባለ ሰው ፈረሱን ገለል አድርጎ የሚያቆምበት ጥግ ነበር። በግምጃ ቤት በኩል ባለው ጥግ ላይ አሁን የሲሚንቶ አግዳሚ ወንበር ተሠርቷል። ተቀምጬበት እይታው እጅግ ያማረ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ፈረስ ግን አይቀመጥም።

5ኛ. ስለ ፊሽካው። የዝምታ ተቆጣጣሪ አድርገው የቀጠሩት ፀጋው ታማኝና ትጉ ሰው ነው። የተጣራ ሰው ድምፅ አንዴ ተሰምቶ ይጠፋል፤ የፀጋው ፊሽካ ግን ጥፋተኛው ወረቀቱን እስኪቀበል ድረስ ይነፋል። ይህንኑ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ካልነፋሁ በምን ዝም ይላሉ?» አለኝ። ጥያቄውን በአክብሮት ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

6ኛ. ስለ ይሄነው ፈረስ። ይሄነው ከጋራው ወዲያ ካለው መንደር ድንችና ገብስ ጭኖ ወደ ግምጃ ቤት የሚያወርድ ጎልማሳ ነው። የሚያወርደው የራሱን ብቻ አይደለም፤ ፈረስ የሌላቸው አምስት ቤቶችም እህላቸው ገበያ የሚደርሰው በእሱ ነው። ፈረሱ ዳማ ይባል ነበር። ይሄነው አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ በመጣራቱ ሁለት ማስጠንቀቂያ ደርሶታል፤ ሦስተኛው የደረሰው ሰው ለሦስት ወር ከመንገዱ እንደሚታገድም በወረቀቶቹ ግርጌ ሰፍሯል።

ግንቦት 14 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ጉም ወረደ። ይሄነው ዳማን ሁለት ጆንያ ድንች ጭኖ በላይ በኩል አንገቱ ጫፍ ደረሰ። በዚያው ሰዓት በታች በኩል ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት ከወንበርዎ ላይ ተነሥተው ከአስጎብኚያቸው ጋር ሊገቡ ነበር። አስጎብኚው ሰሌዳውን አነበበና ዝም አለ። ይሄነው የሆነውን ሲነግረኝ እንዲህ ነበር ያለው፦ «አፌን ከፈትኩ። ሁለቱ ወረቀቶች ኪሴ ውስጥ ናቸው። ዘጋሁት።»

ሁለቱም ወገኖች ደንብዎን አንዲት ሳያጓድሉ ገቡ፤ መታጠፊያው ላይ ተገናኙ። ፈረሱ ደነገጠ። ሚስትየዋ በገደሉ በኩል ነበረች። ይሄነው ልጓሙን ለቆ እሷን ወደ ቋጥኙ ሳባት። ዳማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ሁለተኛውን የሚያሳርፍበት መሬት አልነበረም። ይሄነው የፈረሱን ስም ጠራ። ጮኾ ነው የጠራው።

ፊሽካው ተነፋ። ሦስተኛው ወረቀት በማግስቱ ደረሰው፤ ምክንያቱም «በክልከላው ቦታ ከፍተኛ ድምፅ በማሰማቱ» ይላል።

ባልና ሚስቱ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ የጻፉትን ራሴ አንብቤዋለሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መንገዱ እጅግ ውብና ጸጥ ያለ ነው። ባለፈረሱ ሕይወታችንን አትርፎልናል። ለምን እንዳልተጣራ ግን አልገባንም።» የጽሕፈት ቤትዎ መጽሔት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በትልቅ ፊደል አውጥቶታል። በጋዜጣ ሥራ ብዙ ዘመን ስለ ቆየሁ ቦታ ሲጠብ ጽሑፍ ማሳጠር ግድ እንደሚሆን አውቃለሁ። የገጹ ቀሪ ክፍል በእርስዎ ፎቶግራፍ ስለ ተያዘ ቦታው መጥበቡም አላስገረመኝም።

አሁን ያለው ነገር እንዲህ ነው። የግምጃ ቤቱ ነጋዴ ሐሰን «ይሄነው ገበያ ካልመጣ ገበያው ምኑን ገበያ ሆነ?» ብሎ የራሱን በቅሎ አውሶታል። በቅሎዋ አልታገደችም፤ የታገደው የሚነዳት ሰው ነው። ስለዚህ ይሄነው በጋራው ግርጌ ዞሮ በሚሄደው የመኪና መንገድ ስድስት ሰዓት ይጓዛል፤ ሲደርስ ገበያው ተበትኗል። የአምስቱ ቤት ድንች እቤት ተቆልሎ እገዳው የሚያበቃበትን የነሐሴን አጋማሽ ይጠብቃል። ድንች ግን የመጠበቅ ልምድ የለውም፤ ያበቅላል፣ ቀጥሎም ይበሰብሳል። ቀሪው ሰው ደግሞ ወረቀት ፈርቶ አንገቱን ዝም ብሎ እየገባበት ነው። ሰኔ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ጉሙ በየቀኑ ነው። ግንቦት ላይ የወደቀው ፈረስ ነበር። ቀጥሎ የሚወድቀው ማን እንደሆነ በዕቅድዎ ውስጥ ተይዞ እንደሆነ ለማወቅ እወዳለሁ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። የይሄነው እገዳ ዛሬ ይነሣ። ሰሌዳው ከአንገቱ ይነቀል፤ ለሰሌዳው የተለየ ፍቅር ካለዎት ደግሞ ቃሉ ተለውጦ «እዚህ ቆመው ይጣሩ፤ መልስ ሳይጠብቁ አይግቡ» ተብሎ ይጻፍበትና ለጎብኚውም ለገበያተኛውም ያገልግል። ወንበሩን ቢሮዎ ሊወስዱት ይችላሉ፤ እዚያ ፈረስ አያልፍም። ደግሞም ዝምታ ፈልጎ ለሚመጣ እንግዳ የምመሰክርለት አንድ ነገር አለ፦ በዚያ ጋራ ላይ ከሰማሁት ዝምታ ሁሉ የጠለቀው፣ ሰው «ገባሁ!» ብሎ ተጣርቶ ከማዶ መልስ እስኪመጣለት ያለው ነው። ያንን ዝምታ ማንም በሰሌዳ አልሠራውም፤ ሰሌዳው ከተተከለ ወዲህ ግን ሰምቼው አላውቅም።

ለዘመናት ሳንጋጭ በመኖራችን ምክንያት ሳናውቀው የቀረነውን ችግር በስምንት ወር ውስጥ ስላሳወቁን፣ በአንገቱ ለሚያልፉት ሁሉ ስም ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ደንብዎን በማክበር ድምፄን ዝቅ አድርጌ እሰናበትዎታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
ብሥራት አዝመራው
እንጅባራ፣ ሰኔ 11 ቀን

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጉሮሮዎ ነገር። ሰኔ 4 ቀን ጎዳናውን ሊጎበኙ እንደ ወጡ፣ አጃቢዎችዎ ለምሳው ዝግጅት ቀድመውዎት እንደ ወረዱ፣ ጉሙም አንገቱ መሐል ላይ ብቻዎን ሳሉ እንደ ደረሰብዎ ሰምቻለሁ። ወይዘሮ ደብሪቱ በማዶ ነበሩ። እንደ እርሳቸው ቃል፣ እርስዎ መጀመሪያ «ሰው የለም?» ብለዋል፤ ቀጥሎ ደግሞ «የሰው ያለህ!» ብለው ደጋግመዋል። እርሳቸውም ማስጠንቀቂያቸውን ረስተው «ቆይ! ቋጥኙን ተደገፍ፣ እግርህን አታንሣ!» ብለው መለሱልዎ። አንቱ ያላሉዎት ድምፅዎን ስላላወቁት ነውና ይቅር ይበሏቸው። እጅዎን ይዞ ያወጣዎ ሰው ይሄነው ነው። ግርጌ ባለው የመኪና መንገድ በቅሎዋን እየነዳ ሲያልፍ ጩኸትዎን ሰምቶ፣ መታገዱን እያወቀ ወጣ። ፀጋው ሁሉንም ከሩቅ ሰምቷልና ሦስት ወረቀት አዘጋጅቷል፤ አንዱ ታግዶ ሳለ ወደ መንገዱ ለገባው ለይሄነው፣ አንዱ ለመለሱልዎ ለወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሌላው በክልከላው ቦታ ከፍተኛ ድምፅ ላሰማው ሰው። በመጨረሻው ላይ የስሙን መስመር ባዶ ትቶ ትእዛዝዎን እየጠበቀ ነው። የመጀመሪያዎ ስለሆነ አያስጨንቅዎ፤ ገና ሁለት ጩኸት ይቀርዎታል። ክረምቱ ግን ገና መግባቱ ነው።