ጃፓንኛ በስፌት መኪናዬ ልክ

የዓይኔ ማረፊያ ልጄ፣ ባለሽበት ሰላም ይክበብሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ጉልበቱ ተሽሎት ደረጃውን ያለ ከዘራ ይወጣል፤ ጉራው ግን አልተቻለም።

እኔ በስተርጅና ተማሪ ሆኜልሻለሁ። ልጅሽ አፏን የፈታችው በጃፓንኛ ነውና፣ ያለ አስተርጓሚ ላናግራት ብዬ በስልኬ ማጥናት ጀመርኩ። መጀመሪያ እንደ ተራበ ሰው ጎሰጎስኩት። ቃል እየሸመደድኩ ስሰፋ የአንድ ደንበኛዬን ኮት ኪስ አፉን ገጥሜ ሰፋሁት። ሰውዬው እጁን ሊከት ቢታገል ኪሱ እምቢ አለው። አባትሽም "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ ሲተርትብኝ ዋለ።

ስፌቱን ስተረትር ግን ነገሩ ገባኝ። የስፌት መኪናዬም ፔዳሏን ዝም ብዬ ብረግጠው ክር ትበጥሳለች፤ የሚረገጠው ጨርቁ በሚሄደው ልክ ነው። አሁን አንድ ልብስ ስጨርስ አንድ ቃል እይዛለሁ። "ዝናብ" የሚለውን ከአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጋር ስለያዝኩት አይጠፋኝም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ትምህርቱም ይቀዘቅዛል፤ ምን ቸገረኝ።

አንቺ ብቻ ምግብሽን በወጉ ብዪ። ፈጣሪ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። እሁድ ስትደውዪ ስልኩን ለእሷ ስጪልኝና ወጥ ቤት ግቢ። ዝም ብንባባልም እንዳታስተረጉሚ፤ ቀስ ብለን እንገናኛለን።

እናትሽ