ራስ የሌለው ፎቶ

ይድረስ አዋሳ ላለሽው ልጄ ለአርሴማ

ትምህርቱ እንዴት ይዞሻል? እኔና እናትሽ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም፤ አምላክ ይመስገን።

ፎቶ ቤቱ ዘንድሮ ጨለማ ሆኖብኛል። ስለዚህ ካሜራዬን አንግቼ ሲቀላ ገበያ እየዞርኩ አነሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ከላንቴ መንደር የመጣች ሙዝ ሻጭ ሳቀች። ወደ ሳቋ ስዞር እጄ ቀድሞኝ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነው። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ሴትየዋ ተቆጣች፤ የእኛን አገር ሰው ታውቂያለሽ፣ ከራሱ እስከ ጫማው ካልታየ ፎቶ ተነሳሁ አይልም። "ጭንቅላቴን የት ጣልከው?" ብላ ጥላብኝ ሄደች።

እናትሽ ግን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። "ምኑ አማረሽ?" አልኳት። የምፈትናት መስሏት፣ ሙዙን ያቀፉትን እጆች፣ መሬት ላይ የወደቀውን ጥላቸውን፣ ከጥግ ቀና ብላ የምታየዋን ፍየል አንድ በአንድ ነገረችኝ። ፍየል መኖሯን ከእሷ ሰማሁ። እጄ ግን ቦታዋን አውቋል።

ትናንት መንገድ ሳቋርጥ ከጫሞ ዓሣ የጫነ ፒካፕ አጠገቤ ሲጥ ብሎ ቆመ። ሾፌሩ ምን ብሎ እንደሰደበኝ አልጽፍልሽም። ለእናትሽ አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት።

ጽሑፌ መስመር ከሳተ ጥፋቱ የብዕሩ ነው።

ለገና ስትመጪ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ከአውቶቡስ ስትወርጂ ፊት ለፊቴ ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ። ከሩቅ "አባባ" ብለሽ ጥሪኝ፤ በድምፅሽ በኩል ፎቶ አነሳሻለሁ።

እግዚአብሔር ዓይኑን ከአንቺ ላይ አያንሳ።

አባትሽ ካሱ
አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 1989 ዓ.ም.