አንዲትን ማክሰኞ ለሞያሌ ያመጡት የአቶ ሱራ ገብረመድኅን የሕይወት ታሪክ

አቶ ሱራ ገብረመድኅን ከመሀል አገር መጥተው ሱቅ ከከፈቱት ከአባታቸው ከአቶ ገብረመድኅንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብዙወርቅ እ.ኤ.አ. በ1938 እዚሁ ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ተወለዱ። ፊደልን ከአባታቸው፣ ኦሮምኛን ከጓደኞቻቸው፣ ስዋሂሊን ከመንገድ፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከወጥ ቤት ተማሩ። ወጥ ቤቱም ያኔ ሞያሌን ያስተዳድሩ የነበሩት የእንግሊዛዊው ሹም ማድ ቤት ነበር። በረዳትነት ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ዋናው ወጥ ሠሪ ሆኑ።

በ1963 መጨረሻ ኬንያ ነጻ ስትወጣ ሹሙ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ አገራቸው ሲመለሱ አቶ ሱራንም ይዘዋቸው ሄዱ። አቶ ሱራ ለምን እንደተከተሏቸው ሲጠየቁ፣ ኬንያን ላጣ ሰው ሾርባውንም ማሳጣት ግፍ ነው ይሉ ነበር። በእንግሊዝ አገር የቆዩት ግን የበረዶው ወራት እስኪያልፍ ብቻ ነው። ብርዱ አጥንታቸው ድረስ ዘልቆ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ በሞያሌ ሐሩር ሲያማርሩ የሰማቸው የለም።

ከዚያ ሁሉ ጊዜ ሞያሌ የምታውቀው አንዲት ማክሰኞን ነው። በዚያች ዕለት የሹሙ ቤተሰብ ለቀብር ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደ። ጉንፋን የጣላቸው አቶ ሱራና ጆሯቸው የከበደው የሹሙ እናት ቤት ቀሩ። አሮጊቷ ገና በጠዋቱ ቴሌቪዥኑን ከፍተው አቶ ሱራን አጠገባቸው አስቀመጧቸው፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ደህና እደሩ ብሎ እስኪዘጋም አላስነሷቸውም።

አቶ ሱራ በ1964 ተመልሰው በዋናው መንገድ ዳር ሱራ ሆቴልን ከፈቱ። በ1967 ከወይዘሮ ወርቅአየሁ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጆቻቸውን ዴኒስንና ቤዚን ወለዱ። ያን ጊዜ በሞያሌ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረምና፣ የከተማው ቴሌቪዥን አቶ ሱራ ሆኑ። እራት ከተበላ በኋላ ከግድግዳው ፊት ይቆሙና ያቺን ማክሰኞ ከመክፈቻዋ እስከ መዝጊያዋ ይተርካሉ። የጠዋቱን የተማሪዎች ትምህርት እንደ መምህሩ እየተንጎራደዱ ያስተምራሉ። ከዚያ ምንም ፕሮግራም የሌለበት ሰዓት ይመጣል፤ ክብና መስመር የተሳለበት ሥዕል ብቻ ከሙዚቃ ጋር ይታያል። አሮጊቷ ሹራባቸውን እየሠሩ ያንን ሥዕል ትክ ብለው ሲያዩ፣ አቶ ሱራም ፊት ማዞር ነውር መስሏቸው አብረው አይተውታል። ስለዚህ ሆቴል ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እሳቸው ሙዚቃውን ሲያንጎራጉሩ ዝም ብሎ ግድግዳውን ያያል። የወይዘሮ ወርቅአየሁ ሻይ በጣም የሚሸጠው በዚያ ሰዓት ነበር።

በመቀጠል የልጆች አሻንጉሊቶች ይጨፍራሉ፤ ክራባት ያሰረው ዜና አንባቢ እንደምን አመሻችሁ ይላል፤ ሆቴሉ በአንድ ድምፅ እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ይመልሳል። ሳይታዩ የሚስቁ ሰዎች ያሉበት ቀልድ አለ። አቶ ሱራ የሚስቁትን ፍለጋ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሄደው ማየታቸውን አልደበቁም። አንድ ቄስ ደግሞ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ስብከት ይሰብካሉ፤ ይህን ክፍል የእኛ ካህናት አይወዱትም ነበር። በመጨረሻ የእንግሊዝ ብሔራዊ መዝሙር ይመጣና አቶ ሱራ ሰዉን ሁሉ ብድግ ያሰኛሉ። ነጻ ወጥተን የለም ወይ ብሎ ያጉረመረመ ሾፌር ቢኖር መልሳቸው አንድ ነው። «ለንግሥቲቱ መሰለህ እንዴ? ቀኑን ሙሉ ሲያጫውቱን ውለው ሊሄዱ እኮ ነው! እንግዳ ተቀምጦ አይሸኝም።»

ችግር ያመጣው የአየሩ ትንበያ ነው። በዚያች ማክሰኞ፣ ካርታ ላይ መስመር የሚያሰምረው ሰውዬ ነገ በሰሜን ዝናብ ይጠበቃል ብሎ ነበርና አቶ ሱራም በየምሽቱ እንዲሁ ይሉ ነበር። ሞያሌ ደግሞ የኬንያ ሰሜን ጫፍ ናት። የኦቦ መንደሩ ከብት አርቢ አቶ ጎሊቻ ይህን ሰምተው ከብታቸውን ኡራን ወዳለው ውኃ መንዳታቸውን ተዉ። ዝናቡ ቀረ። አቶ ጎሊቻ ዱላቸውን ይዘው መጡ። «ሙዜ፣ ዝናቡ የታለ?» አሏቸው፤ ሙዜ በስዋሂሊ የአክብሮት መጠሪያ ነው። አቶ ሱራም «ሰውዬው ያለውን ነው ያልኩት፤ አንዲት ጠብታ አልጨመርኩበትም» ብለው መለሱ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ቢያንስ ሰሜን የሚለውን እንዲተዉ ለመኗቸው፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በሌላ ዓመት ግን በተረኩ ማግስት ሰማዩ ተቀደደ። አቶ ጎሊቻም ለእንግሊዙ ሰውዬ ብለው ሙክት ፍየል ነድተው መጡ። አቶ ሱራ ፍየሉን በአደራ ተቀበሉ፤ አደራውንም ከጎረቤት ጋር በሉት። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ወንድማማች ሆኑ።

በ2002 ጎረቤታቸው ነጅመዲን ለዓለም ዋንጫ ብሎ ዲሽና ባለ ቀለም ቴሌቪዥን አስገባ። ሱራ ሆቴል ጭር አለ። አቶ ሱራም አንድ ምሽት ሊያዩት ሄዱ። ለዜና አንባቢዋ ሰላምታ መለሱ፤ ወጣቶቹ ሳቁባቸው። መዝሙሩን ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ የለም። ነጅመዲን «ሙዜ፣ ይሄ እኮ ዲሽ ነው፤ አያልቅም» አላቸው። ቴሌቪዥን ይዘጋል፣ ቄስ አለው፣ ባዶ ሥዕል ያሳያል ያሉት ሁሉ ውሸት ነው የሚል ወሬ በማግስቱ ከተማውን ሞላው። ባዶ ወንበር አላሳዘናቸውም፤ ውሸታም መባል ግን ሆዳቸው ገባ። ያላየሁትን ተናግሬ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለው ማሉና ትረካቸውን አቆሙ። ያ ዝምታ ለቤተሰባቸው ከሕመም የከፋ ነበር።

በ2005 የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ አንድ ሸምገል ያሉ እንግሊዛዊ ሱራ ሆቴል አረፉ። የአቶ ሱራ ልጅ ቤዚ አባቷን አንድ ጊዜ ብቻ ብላ ለመነች፤ ነጅመዲንንና እነዚያን ወጣቶች ጠርታም እሷው አስተረጎመች። ባዶው ሥዕል ጋ ሲደርሱ እንግሊዛዊው አብረው ማንጎራጎር ጀመሩ። በልጅነታቸው ያዩት ያንኑ እንደሆነ፣ ቄሱም መዝጊያውም እውነት እንደሆነ በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። አቶ ሱራ ለመዝሙሩ ሲነሡ ግን እንግሊዛዊው እንደተቀመጡ ቀሩ። ቢጠየቁ፣ በቤታቸው ማንም ቆሞ እንደማያውቅ፣ አባታቸውም መዝሙሩ ሲጀምር ቴሌቪዥኑን ያጠፉ እንደነበር ነገሯቸው። «ታዲያ ለዚህ ነዋ ኬንያ ያመለጠቻችሁ!» አሉ አቶ ሱራ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ እንግሊዛዊውም እየሳቁ ብድግ አሉ። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ነጅመዲን ጄኔሬተሩን ከማጥፋቱ በፊት ደንበኞቹን ያስነሣል።

አቶ ሱራ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 16 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. በተወለዱ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው በቤታቸው ዐርፈዋል። በመጨረሻ የተናገሩትም ትንበያውን ነው። ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም አቶ ጎሊቻ ከኦቦ ጃንጥላ ይዘው መጥተዋል።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወርቅአየሁን፣ ልጆቻቸውን ዴኒስንና ቤዚን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ያቺን ማክሰኞ በቃሉ የሚያውቅ ከተማ ትተው ሄደዋል። ናፍቆታቸው ገና ከአሁኑ ከብዶናል። ያላየውን ያልተናገረ አንደበታቸውን እግዚአብሔር በማያልቀው ቤቱ ያናግርልን፤ ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን።

አሁን የተቀመጣችሁ ሁሉ፣ ጉልበት የከዳችሁም በሰው ተደግፋችሁ፣ ብድግ በሉልን። እንግዳ ተቀምጦ አይሸኝም።