ክሌይተን የለም

ለታናሽ ወንድሜ፣

ከሁሉ በፊት ጤንነትህ እንዴት ነው? ጉልበትህ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ደረጃ ያስወጣሃል? ባለቤትህንስ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘንድሮ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ቶሎ ጀመረ፤ ግን የምውለው ምግብ በማበስልበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ ምድጃው ዳር ስለሆነ ብርዱ እምብዛም አይሰማኝም።

ባለፈው በስልክ ያልከኝን ሳሰላስል ሰነበትኩ። «ልጅሽ ክሌይተን ድንጋይ ሊያጠና ሄደ፣ አሁን ደግሞ የእኔዋ ወፍ ልትቆጥር ነው። ኮሪን አንቺን ትሰማለች፤ የክሌይተንን ነገር ንገሪያትና ይህን የዩኒቨርሲቲ ብድር ከጭንቅላቷ አውጪልኝ» አልከኝ። ልጅህ ናት፣ ብትጨነቅ አይፈረድብህም። በጽሑፍ የምመልስልህ በስልክ ስለምታቋርጠኝ ነው።

ክሌይተን ሥነ ምድር አጠናለሁ ያለ ዕለት፣ ግቢህ ውስጥ ሥጋ እየጠበስክ ያልከው ትዝ ይለኛል። «ድንጋይ ለማወቅ ነው ይህን ሁሉ ብድር የምትሸከመው? ና እዚህ ጓሮ፣ በነፃ አሳይሃለሁ» አልከው። ሁላችንም ሳቅን። እሱም ሳቀና «ያንተዎቹ ድንጋዮች የምስክር ወረቀት አይሰጡማ፣ አጎቴ» አለህ። የብድር ቅጹ ላይ በዋስነት የፈረምኩት እኔ ነኝ። አባቱ ሞቷል፣ አንተ እምቢ ብለሃል፤ ሌላ ማን ነበረው?

ከተመረቀ በኋላ የሆነውን ታውቀዋለህ። በተማረበት የሚቀጥረው ጠፋ። ያገኘው አውራ ጎዳናው ዳር ባለው መጋዘን ዕቃ መደርደር ነበር፤ ያ ለብድሩ አልበቃ ሲለው ምግብ ማድረስ ጨመረበት። ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ይወድቃል። «ልጄ፣ አንዱን ልቀቅ» ስለው፣ «ትንሽ ታገሺኝ እማ፣ ዋናውን ብድር መንካት ልጀምር ብቻ። እስካሁን ወለዱን ነው የምገፋው» ይለኛል። አንድ ቀን ጠዋት ከመጋዘኑ ወጥቶ ወደ ቤት ሲመጣ መሪው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ፖሊሱ መንገዱ ላይ የፍሬን ምልክት እንዳላገኙ ነገረኝ። ሳይሰቃይ ሄደ ሊለኝ ፈልጎ ነው መሰለኝ።

ቀብሩ ላይ «ያ ዲግሪ ገደለው» አልክ። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ነበር፤ ግን ሰምቼሃለሁ።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ።

ከቀብሩ በኋላ ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን ስልኬ ጮኸ። ከብድር ሰብሳቢዎቹ ነው፣ ዳፍኒ የምትባል ልጅ። «ክሌይተንን ማነጋገር እችላለሁ?» አለችኝ። «ክሌይተን የለም» አልኳት። እውነቴን ነበር። እሷ ግን ሌላ መስሏት «መቼ ይመለሳል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወንድሜ፣ በእነዚያ ቀናት ሰው ሁሉ «ጥሩ ልጅ ነበር፣ ሳቂታ ነበር» ነው የሚለኝ። መቼ ይመለሳል ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። «ማታ» አልኳት።

መልሳ ስትደውል ገላውን እየታጠበ ነው አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ ሥራ ገብቷል አልኩ። የምን ሥራ እንደሆነ ስትጠይቀኝ አፌ ዝም ብሎ ሄደ፤ የሐይቁን ዳርቻ የሚያጠና መሥሪያ ቤት ቀጠረው አልኳት። «በተማረበት? ታድሎ» አለች። «እኔ ታሪክ አጥንቼ ይኸው ሰው ስጨቀጭቅ እውላለሁ። የራሴም ዕዳ አለብኝ እኮ፣ እናቴ።» አሳዘነችኝ። ስሙ እንዳይበላሽ ብዬ ከደሞዜ እየቆረጥኩ በእሱ ስም መክፈል ጀመርኩ። ሳዘገይ ትደውላለች። አንዳንዴ የማዘገየው ሆን ብዬ ነው። በዚህ መሃል ክሌይተን እድገት አገኘ፣ ጉንፋን ያዘው፣ ዳነ። ዳፍኒ ሁሌም «እንኳን ማረልዎት» ትለኛለች።

ባለፈው ወር ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ሆነብኝ። «እናቴ፣ አድራሻ ሳጣራ ጋዜጣ ላይ የሐዘን ማስታወቂያ አየሁ» አለችኝ። «የሞት የምስክር ወረቀቱን ብቻ ይላኩልን። ዕዳው ከዋሱም ላይ ጭምር ይሰረዛል። ድሮም መክፈል አልነበረብዎትም።»

ያንን እንደማውቅ አልነገርኳት። ወረቀቱ ከተሰጠኝ ዕለት ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። «ከላክሁልሽ በኋላ ትደውያለሽ?» አልኳት። «አይ፣ ፋይሉ ይዘጋል» አለች። እሷ እያለቀሰች ነበር መሰለኝ። እኔ አላለቀስኩም። «ክሌይተን አሁን የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሞክሪ» አልኳት።

ኮሪን እሁድ ዕለት መጣች። እንዳልከኝ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጋዘኑን፣ ሶፋውን፣ መንገዱን፣ ምንም አልደበቅኩም። አንገቷን ደፍታ ስትሰማ ቆይታ «አክስቴ፣ ክሌይተን በመማሩ ተጸጽቶ ነበር?» አለችኝ። ስለ አንተ ብዬ «አዎ» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር። አልሆነልኝም።

አንድ ቅዳሜ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ይዞኝ ወደ ሐይቁ ወረደ። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ከገደሉ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አንስቶ ሰነጠቀና ውስጡ የታተመውን ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር አሳየኝ። «እማ፣ ይህ ሁሉ ሞቃት ባሕር ነበር። ቤታችን የቆመው የባሕር ወለል ላይ ነው» አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ከተማ ነው፤ እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ይህን ባታውቅና ይህን ብድር ባትሸከም አይሻልህም ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ብድሩንስ ብተወው ደስ ይለኛል። ይህን ሳላውቅ እዚያ መጋዘን ውስጥ መቆም ግን አልችልም» አለኝ። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ሮጠ።

ይህንንም ለኮሪን ነገርኳት። የትኛው እንደሚያመዝን አላውቅም። አውቃለሁ የሚለኝን ሰውም አላምነውም።

ዋስ ያስፈልገኛል፣ አባቴ አይፈርምልኝም አለችኝ። ፈረምኩላት። ተቆጣኝ፣ መብትህ ነው። እንቅልፍ ሳትጠግብ መሪ እንዳትይዝ ግን አስምያታለሁ። ቅጹ ላይ ስልክ ቁጥር በሚለው ቦታም የእኔን ነው ያስሞላኋት። ለሚደውሉት እንዴት እንደሚመለስ እኔ አውቃለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ። ባለቤትህን ይማርልህ። ኮሪንን ከመንገድ ክፉ ይጠብቅልህ፤ ማታ ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ የምትሰማበት ዕድሜ ይስጥህ።

ስትደውልልኝ መስመሩ ተይዞ ካገኘኸው፣ ትንሽ ቆይተህ ሞክር።

እህትህ፣
የክሌይተን እናት