አባባ መቆጣት አቃታቸው

ጥር 16፣ ዓርብ

ወልድያ መናኸሪያ፣ ሚኒባስ ውስጥ። ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ለጓደኛዋ፦ «ጦርነቱ ሰኞ መርሳ ይጀመራል። ምሳም አለው።»

ምሳ ያለው ጦርነት ሰምቼ አላውቅም። ቢሆንም ወርጄ ፓስታ፣ ሻማና ክብሪት ገዛሁ። በዚህ አገር ሰው ሁለቴ እስኪነገረው አይጠብቅም።

መርሳ ቤታችን ስደርስ አባባ በር ላይ ቆመው ጢማቸውን ያበጥራሉ። ለካ ፊልም ነው። የጣሊያን ዘመን፤ የአርበኛ ልጅ ሙስሊም ነጋዴ ትወዳለች፤ አባት ይከለክላል። አባትየው... አባባ ናቸው። በጢማቸው ተመረጡ።

ሻማውን የት ላድርገው?

ጥር 19፣ ሰኞ

በቅሎዋ ከባጃጅ ጎን ታስራለች። የጭስ ማሽኑ የእኛን ብርቱካን ጓሮ ጉም አልብሶታል። ሰው ሁሉ ከሌላ ዘመን የመጣ ይመስላል... ስልኩን እስኪያወጣ።

አባባ ተዋናይቷን ከቤት ማባረር አለባቸው። ቃላቸው አንድ ነው፦ «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለሽም!»

አሉት። በለሆሳስ። ቀጥለው፦ «ምሳ በልተሻል ግን?»

ዳይሬክተሯ ሜላት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ራሷን ያዘች። «አባባ ደምሴ፣ እባክዎ ይቆጡ!»

«በማን? ልጁ ጨዋ ነው።»

«ሙስሊም ነው እኮ!»

«ይሁና! ወሎዬ ነን። የአክስቴ ባል ሁሴን አልነበረም?»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ፍቅረኞቹን እንዲያሙ የተመደቡት ጎረቤታችን እትዬ ሸዋዬ «አላህም እግዜርም ይባርካችሁ» ብለው መረቋቸው። ቀረጻው ተቋረጠ።

ከሁሉ በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ጥር 20፣ ማክሰኞ

ሲሪንቃ፣ ቶፊቅ ጋ። በታጨደው ማሽላ መሃል ዝም ብለን ሄድን። የማሽላ ተመራማሪ ነው፤ ዝምታ ይችላል።

«እማ ‹አምጣት› ብላለች። ከረመዳን በፊት ሽማግሌ ልላክ?»

ያባባን ነገር ነገርኩት።

«ሩቴ፣ እሱ ፊልም ነው።»

«በፊልም እንኳ እንቢ ማለት አቃታቸው እኮ!»

ሳቀ።

ጥር 23፣ ዓርብ

ዛሬም አልተቆጡም። ሜላት እስከ ሰኞ ካልሆነ ሌላ አባት እፈልጋለሁ አለች።

አባባ ምንም አልመሰላቸው። የአርበኛ ካባቸውን ሳያወልቁ ብርቱካኑ ሥር ተቀምጠው ትዝታ ያንጎራጉራሉ። የጭሱ ትራፊ ቅጠሉ መሃል ቀርቷል። ጓሮው ሕልም ይመስላል፤ ግን ቤቴ ነው... ይህን ያህል ጊዜ ምን ፈርቼ ነው የደበቅኩት? እንዲህ ያለ አባት ይዤ?

እሑድ እነግራቸዋለሁ።

ጥር 25፣ እሑድ

ነገርኳቸው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጓሮ።

«አባባ፣ የምወደው ሰው አለ።»

ፈገግ አሉ። ብርቱካን እየላጡልኝ ነበር። «ማን ይባላል?»

«ቶፊቅ።»

«የማን ቶፊቅ?»

«የኔ።»

ቢላዋው ቆመ። ስለ አክስታቸው ባል አነሳሁ።

«እሷ የኔ ልጅ አልነበረችም» አሉ።

ቢላዋውን ጠርገው ገቡ። ብርቱካኑ ግማሹ እንደተላጠ ቀረ።

ጥር 26፣ ሰኞ

አባባ ትዕይንቱን በአንድ ጊዜ ጨረሱት። «ልጄ አይደለሽም!» ሲሉ የበቅሎዋ ጆሮ እንኳ ቆመ። ሜላት «እንዴት ቻሉት?» እያለች አቀፈቻቸው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ስለ ምሳ አልጠየቁም።