በር የሚያህል ስም

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለጓደኛዬ እናት፣ ለእኔም እናቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ከዚህ ለቀው የገቡበት የደብረ ብርሃን ብርድ አይስማማዎትም ብዬ እሰጋለሁ። እኔ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነኝ፤ ደህና ከተባለ።

ደብዳቤዎን የእህትዎ ልጅ ወይንሸት አድርሳልኛለች። መልሱንም የምትይዘው እሷ ናት፤ ፖስታ ቤት አላምንም። የካሣሁንን ተዝካር ላውጣ ወይስ ይመለሳል ብዬ ልጠብቅ ብለው ጠይቀውኛል። ዘጠኝ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። አሁን ልናገር፤ ቢረግሙኝም ይገባኛል።

በ1970 ፒያሳ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ማስታወቂያ እሥል እንደነበር ያውቃሉ። አንድ የካራቴ ፊልም መጣ፤ ተዋናዮቹን ማንም አያውቃቸውም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ደበሳይ ግን ጮሌ ነበር። ያ ካሣሁን የሚያመልከው ዝነኛ የፊልም አዘጋጅ ስሙን ብቻ ለፊልሙ አውሶ ኖሮ፣ ስሙ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አቶ ደበሳይ በር የሚያህል አድርገህ ጻፈው አለኝ። ጻፍኩት። ሰዉም ተሸውዶ ተጋፋ።

አንዱን ቅጂ ወስጄ ከዚህኛው፣ ከድሮው ቤትዎ ፊት ለፊት ያለው ግንብ ላይ ለጠፍኩት። ካሣሁን ቀበሌ ሲፈልገው አራት ወር ከተደበቀበት ኮርኒስ በቀዳዳው አይቶ እንዲስቅ ብዬ ነው። እንዲወጣ ብዬ አልነበረም፣ እግዜር ይይልኝ!

እሑድ ከሰዓት፣ እርስዎ ለቅሶ ሊደርሱ በሄዱበት፣ ወጣ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አብደሃል ወይ ስለው፣ ሰውዬውን ከካራቴ ጋር ምን አገናኘው ብሎ አፌዘብኝ። ውሸቱን ገና ከኮርኒሱ አውቆታል። የመጣው ጽሑፌን ሲያይ ጊዜ እኔ ናፍቄው ነው። እጁን ይዤ ወደ ቤት መመለስ ነበረብኝ! እኔ ሞኙ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ያ ስም ብልጭ ሲል ሳቀ፤ ያን ሰፈር ሙሉ የሚያውቀውን ሳቁን። ከፊታችን የተቀመጡ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ዞሩ፤ በሳቁ አውቀውት ይዘውት ወጡ።

ስለዚህ የድሮ ጎረቤትዎ ምብራት አላሳበቀችም። ጠቁማበታለች ብለው ዘጠኝ ዓመት ሰላምታ ነፈጓት፤ እባክዎ ይታረቋት። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ማክሰኞ ቀበሌ ጠራኝ። ጽሑፍህ ያምራል ተባልኩ። ካርቶን ላይ በቀይ ቀለም ያስጻፉኝን ቃል አልደግምልዎትም። ለማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ፈርቼ ነው እናቴ፣ ፈሪ ነኝ። ረቡዕ ጠዋት በአትክልት ተራ በኩል ሳልፍ ሰው ተሰብስቧል። የእጄን ጽሑፍ ከሩቅ አወቅሁት። ጫማውንም አወቅሁት።

ዛሬም እዚያው ሲኒማ ቤት ነኝ። መብራቱ ሲጠፋ ከጎኔ ይስቃል። ዞሬ አላይም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያሉ አንድ ቄስ ለፍትሐት የክርስትና ስሙን ጽፈህ አምጣ ብለውኛል። እኔ ካሣሁን ከማለት ሌላ አላውቅለትም። በወይንሸት እጅ ይላኩልኝ። በትንሽ ፊደል፣ በእርሳስ እጽፈዋለሁ።

እመቤታችን ጉልበትዎን ታጽናልዎ። እኔን ቢረግሙም፣ እርስዎን እግዜር ዕድሜ አይንሳዎ።

ልጄ ይሉት የነበረው፣
የልጅዎ ጓደኛ